ትልቁ ከተማና ጎረቤቶቹ ከተሞች፤ ለነጋዴ የትኛው ይበጃል?

ለነጋዴ የሚኖርበትን ሥፍራ መምረጥ እንደ ሌላው ሰው ቤት የመፈለግ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ደመወዝተኛ ቤቱን ሲለውጥ የሚለወጠው አልጋው ነው፤ ነጋዴ ግን ቤቱን በለወጠ ጊዜ ሱቁ፣ መጋዘኑ፣ ደንበኛውና ዱቤው ሁሉ አብረው ይነካሉ። ስለዚህ በአዲስ አበባ ነጋዴዎች ዘንድ የሚነሣው ጥያቄ፣ ይኸውም በዋናው ከተማ ተጨናንቆ መኖር ይሻላል ወይስ ወደ ቢሾፍቱ፣ ወደ አዳማ፣ ወደ ሰበታ፣ ወደ ሰንዳፋ ወይም ወደ ሆለታ ወጣ ብሎ መቀመጥ የሚለው፣ በቡና ላይ ወሬ ብቻ ታልፎ የሚተው አይደለም። እንደ ማናቸውም የንግድ ሒሳብ ገቢውና ወጪው በግራና በቀኝ ተጽፎ ሊመዘን የሚገባው ጉዳይ ነው።

ወደ ጎረቤት ከተማ መውጣትን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ምክንያት ቀላል አይደለም። በዋናው ከተማ የቤትና የሱቅ ኪራይ ከነጋዴው ትርፍ ውስጥ ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። መንገዱ ይጨናነቃል፤ ጭነት ማራገፊያ ሥፍራ ይጠባል፤ ከባድ የጭነት መኪና እንደ ልቡ በማናቸውም ሰዓት ገብቶ አይወጣም። በአንጻሩ ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ በ47 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ በሐይቆች መካከል የተቀመጠ፣ አየሩ ለዘብ ያለ ከተማ ነው። አዳማም በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ሆኖ ሰፊና ደልዳላ መሬት አለው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ለአገልግሎት የበቃው 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የአዲስ አበባና የአዳማ ፈጣን መንገድ ደግሞ በስድስት መሥመሮቹ ርቀቱን አሳጥሮታል። ልጆቹን በሰፊ ግቢ ለማሳደግ፣ ሌሊቱንም በጸጥታ ለማረፍ የሚመኝ አባወራ እንዲህ ያለውን ኑሮ ቢመርጥ የሚያስነቅፈው ነገር የለም።

ይሁን እንጂ ትልቁ ከተማ ሰውን የሚስበው ያለ ምክንያት አይደለም። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች ወዲህ የአገሪቱ መንገድ ሁሉ ወደ እርስዋ እንዲያመራ ሆኖ ተሠርቷል። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ወደ አሁኑ ሥፍራው የተዛወረው ገበያ፣ ማለት መርካቶ፣ ሸማውን በሸማ ተራ፣ ጎማውን በጎማ ተራ፣ አሮጌውንና ልዩ ልዩውን ዕቃ በምን አለሽ ተራ ለይቶ ስላስቀመጠ ገዢ የሚፈልገውን ሳይደክም ያገኛል። ሻጭም የጎረቤቱን ዋጋ ሰምቶ የራሱን ያስተካክላል። የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች፣ የመድን ድርጅቶች፣ ሚኒስቴሮችና ኤምባሲዎች ሁሉ በዚያው ናቸው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም በዚያው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን በመርካቶ የሚገኝና በሌላ ሥፍራ በቀላሉ የማይገኝ አንድ ዕቃ አለ፤ እርሱም መተማመን ነው። ጅምላ ሻጭ ለችርቻሮ ነጋዴ ያለ መያዣ ዕቃ በዱቤ የሚሰጠው መልኩን በየቀኑ ስለሚያይ፣ ሱቁንም ማን እንደሚከፍትና ማን እንደሚዘጋ ስለሚያውቅ ነው። ያ ችርቻሪ በድንገት ርቆ ቢሄድ፣ ሰውየው ያው ራሱ ቢሆንም፣ ዱቤው በአንድ ጊዜ ሊያጥር ይችላል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እንደ ተባለ፣ በንግድም ቅርብ ሆኖ መታየት ራሱ እንደ ካፒታል የሚቆጠር ነው። ወጣ ብሎ ለመኖር የሚያስብ ነጋዴ በኪራይ የሚያተርፈውን ሲያሰላ በዱቤ የሚያጣውን ሳያሰላ የቀረ እንደ ሆነ ሒሳቡ ግማሽ ሒሳብ ነው።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። አልጋውን ወደ ጎረቤት ከተማ አውጥቶ ሱቁን በመርካቶ ይተዋል። ይህ ሰው ከሁለቱም ሥፍራ የሚያገኘው ጥቅም ሲቀንስ የሁለቱንም ሥፍራ ወጪ ግን ይከፍላል። በመንገድ ላይ የሚያልፈው ሰዓት ለመሄድ ሁለት፣ ለመመለስ ሁለት ቢሆን በቀን አራት ሰዓት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ከሆነ 24 ሰዓት ይሆናል። በዓመት 50 ሳምንት ቢቆጠር 1,200 ሰዓት፣ ይኸውም የስምንት ሰዓት ሥራ ለሚሠራ ሰው 150 የሥራ ቀን ማለት ነው። አንድ ሠራተኛ በዓመት 150 ቀን ከሥራው ቢቀር ነጋዴው ምን እንደሚለው የታወቀ ነው፤ የራሱን 150 ቀን ግን በነዳጅና በመንገድ ክፍያ ላይ ጨምሮ በዝምታ ይከፍለዋል። ሰፊው ግቢም ቢሆን ባለቤቱ ከመንጋቱ በፊት ወጥቶ ከመሸ በኋላ የሚገባበት ከሆነ የሚያርፍበት ዘበኛው እንጂ እርሱ አይደለም።

እንዲህ ያለው ኑሮ የሚጎዳው ወጪ ገቢውን ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ በጎረቤት ከተማው የተቀመጠውን ባለ ሱቅም ይጎዳል። ውሎው በዋናው ከተማ የሆነ ነዋሪ ዘይቱንም፣ ሳሙናውንም፣ የልጁን ጫማም ከዚያው ገዝቶ ይገባል። በቢሾፍቱ ወይም በሰበታ ያለው ባለ ሱቅ ከተማው በቤት ብዛት ሲሰፋ ያያል፤ የገንዘብ ሣጥኑ ግን በዚያው ልክ ሲሞላ አያይም። ስለዚህ የእነዚህ ከተሞች ባለ ሱቆች አዲሱን ጎረቤታቸውን ለማግኘት የሥራ ሰዓታቸውን በእርሱ ሰዓት ማድረግ ይገባቸዋል። ከሥራ የሚመለሰው ሰው ከምሽቱ በአንድና በሁለት ሰዓት ሱቅ ክፍት ካላገኘ በማግሥቱ ከመርካቶ ገዝቶ ይመጣል። እንዲሁም ሰው በእጁ ይዞ በታክሲ ሊያመጣው የማይችለውን፣ ሲሚንቶውን፣ ቆርቆሮውን፣ ፍራሹንና የቤት ዕቃውን አብዝቶ መያዝ ብልኅነት ነው። እነዚህ ዕቃዎች በቅርብ ሲገኙ ገዢው የማጓጓዣውን ወጪ ስለሚተርፍ ጥቂት ጭማሪ ቢኖርበት እንኳ ፊቱን አያዞርም።

ከመኖሪያው ይልቅ ጠለቅ ብሎ ሊታይ የሚገባው የዕቃው ጉዞ ነው። ከጅቡቲ የሚመጣው የአስመጪዎች ኮንቴይነር አብዛኛው የሚያርፈውና የጉምሩክ ሥርዓቱ የሚፈጸመው በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ሞጆ ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከቢሾፍቱ ግን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዳማም እንደዚሁ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ናት። ነገር ግን ዕቃው ከሞጆ ተነሥቶ ቢሾፍቱን አልፎ ወደ መርካቶ ይወጣል፤ በዚያ ይራገፋል፤ ይከማቻል፤ ይሸጣል። ከዚያ የቢሾፍቱው ወይም የአዳማው ባለ ሱቅ ወደ መርካቶ ሄዶ ያንኑ ዕቃ ገዝቶ በመጣበት መንገድ መልሶ ያወርደዋል። 25 ኪሎ ሜትር ሊበቃው የሚችል ዕቃ ለቢሾፍቱ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ለአዳማም 170 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ይደርሳል። የመጫኛው፣ የማውረጃው፣ የነዳጁና የመሰባበሩ ወጪ ሁሉ በመጨረሻ የሚያርፈው በገዢው ላይ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የተገዛበት ዋጋ በብር ሲተመን እጅግ ስለ ጨመረ፣ እንዲህ ያለውን ከንቱ ወጪ ተሸክሞ የሚዘልቅ ነጋዴ ጥቂት ነው።

ላኪውም ከዚህ ነጻ አይደለም። ከሲዳማና ከይርጋ ጨፌ የሚመጣው ቡና በሐዋሳ መንገድ ወጥቶ ሞጆ ላይ ከጅቡቲው መንገድ ጋር ይገናኛል። ማበጠሪያውና መጋዘኑ በአዲስ አበባ የሆነ ላኪ ያን ቡና ወደ ላይ አውጥቶ፣ አበጥሮ፣ እንደ ገና በሞጆ በኩል ወደ ወደብ ያወርደዋል። ማበጠሪያውን በሞጆ ወይም በአዳማ አቅራቢያ ቢያቆም ከ140 ኪሎ ሜትር ያላነሰ ጉዞ ያተርፋል። የአበባ እርሻዎች ነገር ደግሞ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቢሾፍቱ፣ በሆለታና በሰበታ አካባቢ የተተከሉት መሬትና ውኃ በዚያ ስለ ተገኘና የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያም በቅርብ ስላለ ነው። ከትልቁ ከተማ የሚፈልጉትን አንድ ነገር ለይተው አውቀው፣ የማይፈልጉትን ጭንቅንቅ ትተውታል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ጎረቤት ከተሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። እያንዳንዱ ከተማ በአንድ ጎዳና ላይ የተቀመጠ በር ነው። ሰበታ የጅማ መንገድ በር ነው፤ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድም የሚነሣው ከዚያው ነው። ሆለታ በአምቦና በነቀምቴ መንገድ፣ ሱሉልታ በጎጃም መንገድ፣ ሰንዳፋ በደብረ ብርሃንና በደሴ መንገድ ላይ ናቸው። ቢሾፍቱና አዳማ የጅቡቲ መንገድ ናቸው። ከወለጋ ሰሊጥ የሚያመጣ ነጋዴ የሐይቁ ውበት ስቦት በቢሾፍቱ መጋዘን ቢከራይ ጭነቱ ትልቁን ከተማ ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ይኖርበታል። ለደሴና ለወልድያ ባለ ሱቆች የሚያከፋፍል ሰውም በሰበታ ቢቀመጥ እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ነጋዴ ከአየሩና ከኪራዩ አስቀድሞ ዕቃዬ የሚመጣው፣ ገዢዬስ የሚወርደው በየትኛው መንገድ ነው ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ንግድ መንገድን ተከትሎ ሥፍራውን እንደሚለውጥ የኢትዮጵያ ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ሐረር ለብዙ ዘመን የምሥራቁ ንግድ ዋና ከተማ ነበረች። የጅቡቲው ባቡር ወደ ተራራው መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. በበረሃው ሜዳ ላይ ቆመ፤ በዚያም ድሬዳዋ ተመሠረተች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጅምላ ነጋዴውና መጋዘኑ ወደ ሐዲዱ ወረዱ። ሐረር ግን አልጠፋችም፤ የጥንት ገበያዋን፣ የእጅ ጥበቧንና ክብሯን ይዛ ቆየች። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜም በመንገዱ ላይ ያሉት ከተሞች ሁሉ በየጣቢያቸው ገበያ አቆሙ። ዛሬም አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የጭነት ጣቢያውም ከከተማው መካከል ሳይሆን ከዳር፣ በእንዶዴ ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ ደግሞ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል። ሐዲዱ፣ ደረቅ ወደቡና የአየር መንገዱ ወደ ዳር ሲወጡ ጅምላ ንግዱ ብቻ መካከል ላይ ተጣብቆ ይቀራል ብሎ ማሰብ የሐረርንና የድሬዳዋን ታሪክ መርሳት ነው።

በአንድ ሥፍራ ተከማችቶ መቀመጥ አደጋም አለው። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው የእሳት ቃጠሎ የብዙ ነጋዴዎችን ንብረት እንዳወደመ የሚረሳ አይደለም። ሱቁም መጋዘኑም በአንድ ጣሪያ ሥር ለሆነ ሰው አንድ ሌሊት የዕድሜ ልክ ድካሙን ሊወስድበት ይችላል። በመርካቶ ናሙናውንና የሳምንቱን ሽያጭ ብቻ አስቀምጦ ቀሪውን ዕቃ ከከተማው ውጭ የሚያኖር ነጋዴ ቢያንስ ሁሉን በአንድ ቀን አያጣም። መድን መግባትም ቢሆን ከዚህ ጋር አብሮ የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም።

ይህ ሁሉ ሲባል ወጣ ብሎ መነገድ እንቅፋት የለበትም ማለት አይደለም። አዲስ አበባና የኦሮሚያ ክልል የየራሳቸው የንግድና የገቢ መሥሪያ ቤቶች አሏቸው። በአዲስ አበባ የንግድ ፈቃድ ያለው ሰው በቢሾፍቱ ቅርንጫፍ ሲከፍት ሥርዓቱን ጠይቆ መፈጸም አለበት እንጂ በአንዱ ሥፍራ ፈቃድ በሌላው ሥፍራ እንደ ልቡ ሊሠራ አይችልም። ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላንን ጨምሮ በዋናው ከተማ ዙሪያ ያሉ ከተሞች በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም በአንድ አስተዳደር ሥር ስለ ተጠቃለሉ፣ ቀድሞ የሚታወቀው ቢሮና ኀላፊ ሊለወጥ እንደሚችል ማወቅ ያሻል። የቦታ ወይም የመጋዘን ውል ከመፈረም በፊት የባለቤትነቱን ማስረጃ በሚመለከተው መሥሪያ ቤት ማጣራት ግዴታ ነው፤ በርካሽ ተከራየሁ ብሎ የተደሰተ ሰው በኋላ ሰነዱ ጉድለት ቢገኝበት ርካሹ እጅግ ውድ ይሆንበታል።

ሁለተኛው እንቅፋት የቋንቋና የጠባይ ነው። በእነዚህ ከተሞች የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከገበሬው መንደር ወደ ገበያ የሚወርደው ደንበኛም የሚነጋገረው በእርሱ ነው። ከአዲስ አበባ ሄዶ ሱቅ የሚከፍት ሰው ቋንቋውን ቢማር፣ ያካባቢውን ልጅ ቢቀጥር፣ በዕድሩና በማኅበሩ ቢገባ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ይልቅ ይጠቅመዋል። በመርካቶ ያለው መተማመን የተገነባው በብዙ ዓመታት አብሮ መኖር እንደ ሆነ ሁሉ፣ በአዲሱ ከተማም የሚገነባው በዚያው መንገድ ነው። ለመነገድ መጥቶ ለመኖር የማይፈልግ ነጋዴ ዱቤም አያገኝ፤ ዱቤም አይሰጥ።

እንግዲህ ሚዛኑ ወዴት ያደላል? ለባለ ጅምላና ለአስመጪው መጋዘኑን ወደ መንገዱ በር ማውጣት፣ የዋጋ መነጋገሪያውንና የባንክ ሥራውን ግን በዋናው ከተማ ማቆየት የሚበጅ ይመስላል። ትንሽ ቢሮና ናሙና ለመርካቶ ይበቃል፤ ኮንቴይነር ግን የመርካቶን ጠባብ መንገድ አይፈልገውም። ለላኪው ማበጠሪያውን ምርቱ ከሚመጣበት መንገድና ከወደቡ መካከል ማቆም ያዋጣዋል። ለባለ ሱቁ ደግሞ ምርጫው ግልጽ ነው፤ አልጋው ባለበት ሱቁ፣ ወይም ሱቁ ባለበት አልጋው መሆን አለበት። በመርካቶ የቆየ ደንበኛና ዱቤ ያለው ሰው በኪራይ መርከስ ብቻ ተስቦ ያን መተው የለበትም። ገና የሚጀምር ወጣት ግን በመርካቶ የመቶኛው ሱቅ ከመሆን በአንድ በሚያድግ ከተማ የመጀመሪያው ወይም የሁለተኛው ሱቅ ቢሆን ይሻለዋል።

ስለ ወጣቶች ሲነሣ በየንግድ ቤቱ በዝምታ የሚታሰብ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ብዙ ነጋዴ አባቶች ሱቃቸውን ለልጆቻቸው ለማውረስ ይመኛሉ። ልጅ ግን ንግድ የሚማረው በትምህርት ቤት ብቻ አይደለም፤ ከትምህርት በኋላ ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጎን በመደብሩ ተቀምጦ ዋጋ ሲነገር በመስማት፣ ሒሳብ ሲዘጋ በማየትና ደንበኛ ሲሸኝ በመመልከት ነው። ቤቱ በ50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ሱቁ በመርካቶ የሆነ ቤተሰብ ልጁን ንጹሕ አየር ሲሰጠው የንግዱን ሙያ ይነፍገዋል። አባትየው በደከመ ጊዜ ሱቁን የሚረከብ ያጣል፤ የ30 ዓመት ስምና ደንበኛም ለቁልፍ ገንዘብ ይሸጣል። ከኪራይና ከነዳጅ ሁሉ የሚበልጠው ኪሳራ ይህ ነው።

ንግድ ምክር ቤቶችም በዚህ ረገድ የሚሠሩት ብዙ ነገር አለ። የመርካቶን የጅምላ ዋጋ በየሳምንቱ ለቢሾፍቱ፣ ለአዳማ፣ ለሰበታና ለሌሎቹም ከተሞች ነጋዴዎች ቢያደርሱ ባለ ሱቁ ዋጋ ለመስማት ብቻ ወደ ከተማ ለመመላለስ አይገደድም። አንድ ነጋዴ ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ሲዛወር ስለ ታማኝነቱ ከቀድሞ ምክር ቤቱ ወደ አዲሱ ምክር ቤት የምስክር ደብዳቤ የሚሄድበት ልማድ ቢቋቋም ዱቤው በመንገድ ላይ አይጠፋበትም። የቅርንጫፍ ፈቃድና የግብር ሥርዓት በአንድ ቀላል ጽሑፍ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ተዘጋጅቶ ቢታደል ደግሞ ነጋዴውም መሥሪያ ቤቱም ከብዙ ክርክር ይድናሉ። ይህ ሁሉ ከፍ ያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የሚጠይቀው በጎ ፈቃድና ትጋት ነው።

በመጨረሻም የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ ውሳኔው በአንድ ወር የኪራይ ንዴት ወይም በአንድ የእሑድ ሽርሽር ደስታ መወሰን የለበትም። አስተዋይ ነጋዴ መርካቶ ያለውን ሱቁን ሳይዘጋ ለስድስት ወር አንድ ትንሽ መጋዘን በመረጠው ከተማ ተከራይቶ ቢሞክር፣ ወጪውንና ሽያጩን ለብቻው በደብተር ቢጽፍ፣ ያ ደብተር ከማናቸውም መካሪ የበለጠ እውነቱን ይነግረዋል። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ ያሉት አባቶችና እናቶች የተናገሩት ለወጥ ቤት ብቻ አይደለም። መጥኖ የሚደቁስ ነጋዴ በትልቁ ከተማ ቢኖርም በጎረቤቱ ከተማ ቢኖር ከመንገዱ ጋር ይሄዳል፤ ሳይመጥን የተነሣ ግን በሁለቱም ሥፍራ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።